ያሳጠርኩት ቋሚ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኳቸውም። ሁለት ጊዜ ፊታቸው ተቀምጬ መጠጡን፣ ውሸቱን፣ ጾም መግደፌን ስዘረዝር ቆይቼ እዚህች ላይ ስደርስ ዘልያት አልፌያለሁ። ሁለቱንም ጊዜ «ሌላስ ልጄ?» ብለውኛል። ሁለቱንም ጊዜ «ሌላ የለም አባ» ብያለሁ። እንግዲህ ለእሳቸው ያልተናገርኩትን ለእናንተ ለማታውቁኝ ልናገር ነው። ፊታችሁን ስለማላይ ይቀለኛል ብዬ ነበር። አልቀለለኝም።

አንድ ሽማግሌ ሞተዋል። የወጡት እኔ በሠራሁት አጥር በር ነው። በሩ የተከፈተላቸው እኔ አንድ ቋሚ ስላሳጠርኩ ነው። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ አራት ዓመት ሙሉ አፌን ባልዘጋሁ ነበር። የሚብሰው ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ነው።

ጋሽ አስራትና ባለቤታቸው እትዬ ወርቄ ጋርላንድ ውስጥ፣ እኔ ካለሁበት አፓርታማ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነበር የሚኖሩት። ጋሽ አስራት ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ ሃያ ዓመት ታክሲ ነድተዋል። ጡረታ ሲወጡ መርሳት ጀመሩ። መጀመሪያ የሰው ስም፣ ከዚያ ቀኑን፣ ከዚያ ሲያትል ያለችውን አንድ ልጃቸውን። ተራቸውን ግን አልረሱም። ታክሲዎች ተሰልፈው መንገደኛ የሚጠብቁበት ሜዳ ላይ አሁንም የሚጠብቃቸው ሰልፍ ያለ ይመስላቸዋል። ጃኬታቸውን ይለብሱና «ተራዬ ደርሷል» ብለው ይወጣሉ። በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ሰው አግኝቶ መለሳቸው። አንዴ ፖሊስ፣ አንዴ ፖስታ አዳይ፣ አንዴ እኔ።

ልጃቸው ደወለች። «ማሚ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ደግሞ ከወጣ ነርሲንግ ሆም ነው፤ እኔ በየሳምንቱ ፍላይ ማድረግ አልችልም» አለች። እትዬ ወርቄ ይህን የነገሩን ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ላይ ቆመው ነው። «አርባ ሁለት ዓመት አብሬው ተኝቼ፣ አሁን ሰው አልጋ ላይ ብቻውን ላስተኛው?» አሉ። የኋላ ግቢያቸው አጥር በስብሶ ከወደቀ ቆይቷል። ሶ፣ ሌላ ምክር አላስፈለገም፤ ደቦ ተጠራ። ከፋሲካ በኋላ ላለው ሁለተኛ ቅዳሜ ተቀጠረ።

አለቃ የሆንኩት እኔ ነኝ። ማንም አልሾመኝም፤ ራሴ ነኝ «አጥር እኔ አውቃለሁ» ያልኩት። ግራንድ ፕሬሪ ከተማ መጋዘን ሥራ ከመግባቴ በፊት ሁለት ወር ከአጥር ሠራተኞች ጋር ሠርቼ ነበር። እውነትም አውቅ ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ባላውቅ ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ነገር አይኖርም ነበር።

ሦስት ቀን ዘንቦ ቅዳሜ ጠዋት አቆመ። የዚህ አገር አፈር ጥቁር ነው፣ ሲርስ እንደ ሊጥ ይይዛል። ሁለት እጅ ያለውን መቆፈሪያ ትሰነዝሩታላችሁ፣ ይገባል፣ ሲወጣ ግን አፈሩ አብሮ ተጣብቆ ይወጣና አልወርድም ይላል። በጣት መፋቅ ነው። ጥቂት ወረድ ሲባል ደግሞ ውኃ ከጎን ይመነጫል፤ እናንተ ስትፍቁ ጉድጓዱ ይሞላል። ሕጉ ይህ ነው፦ ጉድጓዱ እስከ ጭን ይጥለቅ፤ ውኃው በቆርቆሮ ይቀዳ፤ ከሥሩ ጠጠር ይግባ፤ ከዚያ ቋሚው፣ ከዚያ ኮንክሪቱ። ይህን ሕግ ጠዋት ለሁሉም እየዞርኩ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ሙሄ ፒክአፑን ይዞ መጥቶ ነበር። ሙሄ የወሎ ልጅ ነው፣ መጋዘን አብረን እንሠራለን። ቤተ ክርስቲያናችን ገብቶ ባያውቅም እትዬ ወርቄ ግቢ ሲገባ የሚቀድመው የለም።

«ቢኒ፣ ይሄ አፈር ጫማዬን ሊያገባው ነው መሰለኝ፤ አልለቅም አለ።»

«ጥሎሹን ጠይቀው» አልኩት።

«አንተ ደግሞ ጎንበስ በል፤ ጉድጓድ በግጥም አይቆፈርም።»

ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። ግጥም እንደምጽፍ ያውቃሉ። ማንም አላስተማረኝም፤ መጋዘን ውስጥ በካርቶን ክዳን ላይ እየጻፍኩ ነው የጀመርኩት። ያን ቀን አመሻሽ ላይ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት እንዳነብ ተጋብዤ ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ከተማው ማዶ ያለ አዳራሽ ውስጥ። ግጥሙ በኪሴ ነበር፤ ላብ እንዳይነካው በፕላስቲክ ጠቅልዬዋለሁ።

ጋሽ አስራት ፕላስቲክ ወንበር ላይ ጃኬታቸውን ለብሰው ያዩናል። ረፋድ ላይ ተነሱና ከአንዱ ጉድጓድ የወጣ ጓል አፈር አነሡ። በአውራ ጣታቸው አሹት፣ አሸተቱት።

«ይሄ ዋልካ ነው» አሉ። «እነዋሪ ነው ይሄ፤ አገሬ።»

«ጋርላንድ ነው እኮ ጋሽ አስራት» አለ ሙሄ።

«እነዋሪ ነው። ዋልካን እኔ አውቀዋለሁ፤ አርሼዋለሁ። ውኃ ሲጠግብ ያብጣል፣ ሲጠማው አፉን ይከፍታል። እንጨቱን አጥልቁት። ፀሐዩ እስከማይደርስበት ድረስ አጥልቁት።»

እንደገና ሳቅን። ክፉ ሳቅ አልነበረም። የልጃቸውን ስም የማያውቁ ሰው አፈር ሲያውቁ ደስ ብሎን ነው። ግን ከመካከላችን አንድም ሰው የሰማቸው አልነበረም፤ ሳቅንላቸው እንጂ አልሰማናቸውም። እኔ ደግሞ የተናገሩት እውነት መሆኑን አውቅ ነበር። የአጥር አለቃዬም በሌላ ቋንቋ ይህንኑ ነበር የሚለው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ቋሚ ቀረ፤ የበሩ ቋሚ፣ መቀርቀሪያው የሚገባበት። ሙሄ ውኃ ሊገዛ ሄደ። ሌሎቹ ከፊት ለፊት እጃቸውን ይታጠባሉ። ጉድጓዱ ገና ከጉልበቴ በታች ነበር። ውኃው ሞልቶበታል። ቀዳሁት፣ ሞላ። ቀዳሁት፣ ሞላ። ሰዓቴን አየሁ። ሻወር መውሰድ አለብኝ፣ ሸሚዝ መቀየር አለብኝ፣ አርባ ደቂቃ መንዳት አለብኝ። ቋሚውን እንዲሁ ብከተው ቁመቱ ከሌሎቹ ሊበልጥ ነው፤ ለልክ የወጠርነው ሲባጎ ወዲያው ያጋልጠኛል።

መጋዙን አነሳሁ። የቋሚውን እግር ቆረጥኩት። አናቱን ሳይሆን እግሩን፤ አናቱ አዲስ የተቆረጠ መሆኑ ይታያላ። አንድ ክንድ ያህል ቆርጬ ጣልኩ፣ ቁራጩን ከጣውላው ክምር ሥር ደበቅኩት። ጠጠር አልጨመርኩም። ውኃው ውስጥ ቋሚውን አቆምኩ፣ የኮንክሪቱን ከረጢት ቀድጄ ደረቁን ውኃው ላይ ገለበጥኩት። ውኃ ልኩን አስጠግቼ አየሁ፤ ቀጥ ብሏል። ከሌሎቹ ጋር እኩል ነበር። እንዲያውም ከሁሉም ያማረው እሱ ነበር።

ቀና ስል ጋሽ አስራት እያዩኝ ነው።

«አሳጠርከው» አሉኝ።

«ኦኬ ነው ጋሼ፤ ልክ ነው» አልኩ፣ ለሕፃን በሚወራበት ድምፅ።

«በጋ ይለቀዋል።»

«እሺ ጋሼ።»

ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። ለምን ዝም እንዳሉ አላውቅም። እኔ ግን ለምን እንዳልፈራሁ አውቃለሁ። ቢናገሩ ማን ያምናቸዋል? ይህን አስቤዋለሁ። በዚያች ደቂቃ፣ መጋዙ በእጄ እንዳለ፣ ይህን ቆጥሬ ነው ሥራዬን የቀጠልኩት። አጥሩ የሚሠራው እሳቸውን ለመጠበቅ ነው፤ እኔ ደግሞ የእሳቸውን መርሳት መደበቂያ አደረግኩት።

አዳራሹ ውስጥ ግጥሜን አነበብኩ። አጨበጨቡልኝ። ጥፍሬ ሥር ጥቁር አፈር ነበር፤ አንዲት ልጅ አይታው «ዋው፣ የእውነት ሠራተኛ ገጣሚ» አለችኝ። ደስ አለኝ። ይህንንም እናዘዛለሁ፤ ደስ አለኝ።

አጥሩ ቆመ። እትዬ ወርቄ የፊት ለፊቱን በር ይቆልፋሉ፣ ጠዋትና ማታ መቀርቀሪያውን ገፋ ያደርጉና ወደ ቤት ሥራቸው ይመለሳሉ። ጋሽ አስራት ግቢው ውስጥ ይዞራሉ፣ በሩን ይነካሉ፣ መቀርቀሪያ መክፈት ረስተዋልና ይመለሳሉ። «ከዓመት በኋላ እንቅልፍ የሚባል ነገር አየሁ፤ እግዜር ይስጥህ ቢኒዬ» አሉኝ። አሜን አልኩ።

ከዚያ በጋው ገባ። እዚህ አገር በጋ ሲበረታ ሰው ቤቱ መሠረት ሥር የሚያንጠባጥብ ጎማ ዘርግቶ መሬቱን ውኃ ያጠጣል። ለሣሩ አይደለም፤ አፈሩ ሸሽቶ ቤቱን እንዳይሰነጥቀው ነው። ጁላይ ማለቂያ ላይ አንድ ቀን ሐብሐብ ይዤላቸው ሄድኩና የበሩን ቋሚ አየሁት። በኮንክሪቱ ዙሪያ መሬቱ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ከፍቷል። ቋሚው ከበሩ ሸሽቶ ትንሽ ዘንበል ብሏል። መቀርቀሪያው የሚይዘው በጫፉ ብቻ ነው። የእትዬ ወርቄን ዓይን ስኳር አድክሞታል፤ እሳቸው ብረቱ ሲንሸራተት ይሰማቸዋል እንጂ የት እንደሚደርስ አያዩም። እኔ አየሁ። የሚመጣው ቅዳሜ አስተካክለዋለሁ አልኩ። ቅዳሜው መጣ፣ ሺፍት ነበረኝ። ሁለተኛውም መጣ። ማንን ነው የማታልለው? ቆፍሬ ካወጣሁት እግሩ አጭር መሆኑን ሰው ያያል። የፈራሁት ይህን ነው።

ኦገስት ውስጥ በአንድ ማክሰኞ፣ ከቀትር በኋላ፣ እትዬ ወርቄ ኮል አደረጉልኝ።

«ቢኒዬ፣ አስራት የለም።»

ሮጬ ነው የደረስኩት። እሳቸው ከፊት ለፊት መንገዱ ላይ ነጠላቸውን ሳይደርቡ እየተጣሩ ነበር። እኔ ወደ ኋላ ዞርኩ። በሩ ወለል ብሏል። መቀርቀሪያውን አየሁት። ተገፍቶ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል፤ እስከ መጨረሻው ድረስ። እትዬ ወርቄ ቀርቅረውታል። እንደ ሁልጊዜው ቀርቅረውታል። ብረቱ ግን የሚገባበት ቋሚ ሸሽቶ አየር ላይ ቀርቷል። ጋሽ አስራት በትከሻቸው ገፋ ሲያደርጉት ተከፈተ፤ ሌላ ምንም የለም።

አሁን የምነግራችሁን ነው ለአባ ያልነገርኳቸው። አንድ ሽማግሌ በዚያ ፀሐይ ሜዳ ላይ ናቸው፤ እያንዳንዷ ደቂቃ የእሳቸው ናት። እኔ ቆምኩ። እጄን ሰደድኩ። መቀርቀሪያውን መልሼ ወደ ውስጥ ሳብኩት። ያልተቀረቀረ በር አስመሰልኩት። ብረቱ ፍም ሆኖ ነበር፣ ጣቴን አቃጠለኝ፣ እንዲያም ሆኖ አልለቀቅኩትም።

ወዲያው እትዬ ወርቄ ከኋላዬ ደረሱ። በሩን አዩ፣ መቀርቀሪያውን ዳሰሱ። «አልቀረቀርኩትም እንዴ?» አሉ። እኔን አልነበረም የጠየቁት፤ እጃቸውን ነበር የሚያዩት። ዝም ማለት እችል ነበር። ዝምታም በቂ ኃጢአት ነበር።

«ክፍት ነበር እትዬ» አልኳቸው።

ከሦስት ሰዓት ፍለጋ በኋላ ነው ያገኘናቸው። ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር፣ የጎርፍ መውረጃው ግድግዳ ላይ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ጫማቸውን አውልቀው ጎን ለጎን አስቀምጠዋል፣ ካልሲያቸውን አጣጥፈው ውስጡ ከተዋል። ጃኬታቸው እስከ አንገት ተዘግቷል። ቀድሞ የደረሰው ሙሄ ነው። ሐኪም ቤት ተወሰዱ እንጂ ሙሄ መሞታቸውን ያኔውኑ አውቆ ነበር፤ ፒክአፑ ላይ ተደግፎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አገኘሁት።

ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ማንም እትዬ ወርቄን በግልጽ አልወቀሰም። «ደክሟት ነው» ይላሉ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሰው ነው፣ ይረሳል።» «ለነገሩ ብቻዋን ነበረች።» ልጃቸው ከሲያትል መጣች፤ ሦስቱን ቀን እናቷን አቅፋ አላየኋትም። እትዬ ወርቄ ለመጣው ሁሉ ሳይጠየቁ ይናገራሉ፦ «እኔ ነኝ። በሩን ረስቼ። እኔ ነኝ።» እኔ ውኃ አድል ነበር። በመካከላቸው እየዞርኩ ጠርሙስ አቀብል ነበር። አንድ ጊዜ እጄን ይዘው «አንተማ ከልብህ ሠርተህልኝ ነበር፤ ያልታደልኩት እኔ ነኝ» አሉኝ። ምን አልኩ? «አይዞዎት» አልኩ።

በሳምንቱ ዶማና አዲስ ኮንክሪት ይዤ ብቻዬን ሄድኩ። ቋሚውን ነቅዬ ሌላ፣ ሙሉ ቋሚ አቆምኩ፣ እስከ ጭን አጥልቄ። የሚጠበቅ ሰው በሌለበት ግቢ። ጎረቤቶች አይተው መረቁኝ። አጭሩን እንጨት መኪናዬ ላይ ጭኜ ከሩቅ ቆሻሻ መጣያ ከተትኩት።

አርባው ሲደርስ ግጥም እንዳነብ ጠየቁኝ። እምቢ ማለት ነበረብኝ። ጻፍኩ። ሁለት ቀን ነው የፈጀብኝ፣ ቃሉን እየመረጥኩ፣ ምቱን እየቆጠርኩ። መሐሉ ላይ ይህ አለበት፦

የወደደችው እጅ በሩን ብትረሳው፣
መንገድ አልረሳውም፣ ከደጃፍ አነሳው።

አዳራሹ አለቀሰ። ቤት ስለመታ፣ ስላማረ፣ ሰው ሁሉ ያዘው። ከዚያ ቀን በፊት የእትዬ ወርቄ ጥፋት ሹክሹክታ ነበር፤ እኔ ግጥም አደረግኩላቸው። ውሸት የሚያምር ነገር ለብሶ ሲመጣ ማን ይመረምረዋል? ልጃቸው ወረቀቱን ለመነችኝ። እትዬ ወርቄ በፍሬም አድርገው ከጋሽ አስራት ፎቶ ጎን ሰቅለውታል። በእጄ ጽሑፍ ነው። በየቀኑ ያዩታል። ስሄድ ከሥሩ ያስቀምጡኛል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ግጥም ጽፌያለሁ። አንዱንም ጮክ ብዬ አላነበብኩም።

አምና ነው ይህኛውን ያወቅኩት። መድኃኒታቸውን ላደርስ ሄጄ በሩን ሳንኳኳ አልከፈቱም። ከውስጥ ድምፅ ይሰማኛል። «አሥራ ስምንት» ይላሉ፣ ዝም ይላሉ፣ ወንበር ይንቋቋል፣ ትንፋሽ ይመጣል፣ «አሥራ ዘጠኝ» ይላሉ። አርባ አንድ ሲደርሱ ከፈቱልኝ። ፊታቸው በላብ ርሷል፣ ጉልበታቸው አብጧል።

«ምንድነው እትዬ?»

«ቀኖናዬ ነው» አሉ። «አባ ይሄ ኃጢአት አይባልም ብለውኝ ነበር። እኔ ነኝ ለምኜ ያሰጠሁት። አስራት በእኔ እጅ ነው የሄደ፤ እንዴት ዝም ብዬ እበላለሁ?»

በየቀኑ አርባ አንድ ስግደት። በእነዚያ ጉልበቶች፣ ወንበር ተደግፈው እየተነሡ። የእኔን ኃጢአት ይሰግዱልኛል። እኔ ደግሞ ከዚያ ወዲህ አውቄ በዚያ ሰዓት እየሄድኩ በሩ ላይ ቆሜ አብሬ ቆጥሬያለሁ። አንኳኩቼ «ይብቃዎት» ማለት እችል ነበር። አርባ አንድ ቁጥር ሙሉ ጊዜ ነበረኝ፣ በየቀኑ። አላልኩም። ከዚህ የሚብስ ሰው ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም።

ወጣት ነበርኩ ልል አልችልም፤ አሁንም ወጣት ነኝ። ቸኩዬ ነው ልልም አልችልም፤ መቀርቀሪያውን ስስበው አልቸኮልኩም። አፈሩ ነው ልል አልችልም፤ አፈሩ ምን እንደሚያደርግ ተነግሮኛል፣ ያውም ሊሞቱበት በነበሩት ሰው አፍ።

ነገ ከቅዳሴ በኋላ እትዬ ወርቄ ቤት እሄዳለሁ። ይህን ወረቀት አልወስድም፤ አሳምሬ የጻፍኩት ቦታ እንዳለ አውቃለሁ፣ አሳምሬ መናገር ደግሞ አልፈልግም። ይቅርታም አልጠይቃቸውም። ከጠየቅኳቸው ወዲያው ይሰጡኛል፤ እንደዚያ ዓይነት ሰው ናቸው። አራት ዓመት ወስጄባቸው ይቅርታቸውንም ልጨምርበት? ይርገሙኝ፣ ያባርሩኝ፣ ለልጃቸው ይደውሉ፣ ሰው ይሰብስቡብኝ። የሚሉትን ሁሉ ቆሜ እሰማለሁ።

ሲከፍቱልኝ ገና ደጃፉ ላይ እንዳለሁ፣ ግባ ከማለታቸው በፊት፣ ይህን ነው የምላቸው፦

እትዬ፣ በሩን ቀርቅረውት ነበር።